ከፕሮፖዛሉ በፊት ያለው ሥራ፦ የዋግ ኽምራ ማኅበራትና የመንግሥታት ግራንት

ግራንት እንደ ብድር ተመልሶ አይከፈልም፤ ሒሳቡ ግን ከብድር በጠበቀ መንገድ ይጠየቃል። አንድ መንግሥት ከግብር ከፋዩ የሰበሰበውን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሰጥ ዓላማውን፣ የጊዜ ገደቡንና የወጪ ደንቡን አብሮ ያስረክባል። ገንዘቡን ለማግኘት መወዳደር አንድ ሙያ ነው፤ ካገኙት በኋላ ማስተዳደር ደግሞ ሌላ። በአገራችን ለመጀመሪያው ሥልጠና በየሆቴሉ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ግን ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው ኦዲተሩ ነው፣ ያውም ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ።

በዋግ ኽምራ ዞን፣ በሰቆጣ ከተማና በዙሪያዋ ደጋዎች ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ዋግ ኽምራ በተከዜ ተፋሰስ ላይ የተዘረጋ፣ ገደሉ የበዛ፣ ዝናቡ አጭርና የማይታመን አገር ነው፤ በ1977ቱ ረኃብም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። ዛሬ አመልድ ኢትዮጵያ የሚባለው የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት የተመሠረተው በዚያው የረኃብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍትኔት ሲጀመር የዞኑ ወረዳዎች ገቡበት። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል ስሙን ያገኘው ከዚህችው ከተማ ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። ለዚህ ሥራ የፌዴራልና የክልል መንግሥታት በጀት መድበዋል፣ ለጋሾችም ጨምረውበታል።

የገንዘቡን መንገድ ለማየት ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራውን ስፒር የተባለ ፕሮጀክት መመልከት ይበቃል። ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በጀት ተነሥቶ በዩኤስኤአይዲ በኩል ያለፈው ገንዘብ የተሰጠው ለወርልድ ቪዥን ነበር፤ አመልድና ኬር አጋር ሆነው ገቡ። ሥራው በአማራ ክልል ሰሜን ወሎንና ዋግ ኽምራን፣ በኦሮሚያ ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌን ይዟል። ዋናውን ውል የፈረመው ለጋሹን ፊት ለፊት ያነጋግራል፤ ንዑስ ውል የያዘው ዋናውን ያነጋግራል፤ ከእነሱ በታች ያለ የአካባቢ ማኅበር ደግሞ ብዙ ጊዜ ስብሰባ ጠርቶ፣ ተጠቃሚ መዝግቦ፣ ዘር አከፋፍሎ አበል ይቀበላል። ሥራውን ይማራል፤ መዝገቡን ግን አይማርም። ዞኑ ውስጥ አርባ ዓመት ያህል የእርዳታ ፕሮጀክት ሲመላለስ ኖሮ በራሳቸው ስም የሚወዳደሩ የአካባቢ ድርጅቶች ጥቂት የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አገር በቀል ድርጅት ዋና ውል ሊይዝ እንደማይችል የሚናገሩ ሰዎች ተቃራኒውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። በአጎራባቹ ክልል ያለው የትግራይ ተራድኦ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 በተጀመረው የአሜሪካ የምግብ ዋስትና መርኃ ግብር ከሲአርኤስ፣ ከፉድ ፎር ዘ ሀንግሪና ከወርልድ ቪዥን ጋር እኩል ዋና ተዋዋይ ነበር። ከባሕር ማዶም የጸሐየ ተፈራ የኢትዮጵያ ኮሚዩኒቲ ልማት ካውንስል አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ዋሽንግተን አጠገብ በአርሊንግተን ተመሥርቶ በአሜሪካ ፌዴራል ገንዘብ ስደተኞችን ከሚያሰፍሩት አገር አቀፍ ድርጅቶች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ይሁንና እነዚህ የተለዩ ናቸው። ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በ2021 ከገንዘቡ አንድ አራተኛውን በቀጥታ ለአገር በቀል ድርጅቶች ለመስጠት አቅዶ ነበር፤ በ2022 የበጀት ዓመት የደረሰው 10.2 በመቶ፣ በ2023 ደግሞ 9.6 በመቶ ነበር።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሕጋዊ ሰውነት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመለከተው በሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎች የሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶችን፣ የውጭ ድርጅቶችን፣ እንዲሁም አዲስ አበባና ድሬዳዋ ያሉትን ነው፤ በዋግ ብቻ የሚሠራ ማኅበር ግን ምዝገባው ከክልሉ ነው። አዋጁ የቀደመውን የ621/2001ን ክልከላ አንሥቷል፤ ቀድሞ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ሥራ ላይ መሰማራት አይፈቀድለትም ነበር። በአንጻሩ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያን ከ30 ወደ 20 በመቶ አውርዶታል። ለአሜሪካ ገንዘብ በቀጥታ የሚወዳደር ደግሞ ሳም በተባለው የመንግሥት መዝገብ ተመዝግቦ መለያ ቁጥር ማግኘት ይኖርበታል። ይህ ከሳምንታት እስከ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ጥሪ ከወጣ በኋላ የሚጀምር ድርጅት ብዙ ጊዜ አይደርስም። በምስክር ወረቀቱ፣ በባንክ ሒሳቡና በመዝገቡ ላይ የድርጅቱ ስም በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ፊደል ይዞ መጻፉም ይመረመራል፤ የዋግ ኽምራን ስም በሦስትና በአራት ዓይነት ፊደል ለሚጽፍ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚያ ቦርዱ ይመጣል። ለጋሽ ከገንዘቡ በፊት የሚያደርገው የአቅም ግምገማ የሚጠይቀው ተራ ነገር ነው፦ ጠቅላላ ጉባኤ መቼ ተሰበሰበ፣ ቃለ ጉባኤው የት አለ፣ ቼክ የሚፈርሙት እነማን ናቸው፣ ሥራ አስኪያጁ ዘመዱን ሲቀጥር ማን ይጠይቀዋል። በአንድ መሥራች ትከሻ ላይ የቆመ ማኅበር በዚህ ይወድቃል፣ መሥራቹ የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን። የገጠር ሴቶች የቁጠባ ቡድኖች ግን ይህን ደንብ ያውቁታል። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ በሦስት ሰዎች እጅ ናቸው፤ ሣጥኑን የምትይዘው ደግሞ አራተኛ ሴት ናት። ግዥ የሚጠይቅ፣ የሚያጸድቅ፣ የሚከፍልና ዕቃ የሚረከብ ሰው የተለያዩ ይሁኑ ሲባል የሚጠየቀው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የወጪ ደንቡ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለግራንት ያወጣው የጋራ ደንብ አንድ ወጪ አስፈላጊ፣ ምክንያታዊ፣ ለዚያ ፕሮጀክት የሚመደብና በሰነድ የተደገፈ መሆኑን ይጠይቃል። ቃሉ ቀላል ይመስላል። አንድ አካውንታንት ግማሽ ጊዜዋን ለአንድ ፕሮጀክት፣ ግማሹን ለሌላው ብትሠራ ደመወዟ በበጀቱ ላይ በተጻፈው ግምት ብቻ ሊከፈል አይችልም፤ በትክክል የሠራችበትን የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል። የሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጹን የወሩ መጀመሪያ ላይ ሞልቶ ማስፈረም በየቢሮው የተለመደ ነው፤ ኦዲተር ሲያገኘው ግን የወሩ ደመወዝ ሁሉ ተመላሽ ሊባል ይችላል። መጠጥ በማናቸውም መልኩ አይፈቀድም። ለእንግዳ የተዘጋጀ ጠላ በመስተንግዶ ሒሳብ ቢገባም ከዚሁ አያመልጥም።

የደረሰኙ ነገር ደግሞ የዋግ ልዩ ችግር ነው። መኪና በማይደርስበት የአበርገሌ ወይም የዝቋላ ቀበሌ ዘርና ዱቄት በአህያ ወይም በግመል ሲጓዝ የእንስሳው ባለቤት የሽያጭ ማሽን ደረሰኝ ከየት ያመጣል? የውጭው ደንብ ማስረጃ ይጠይቃል እንጂ የማሽን ወረቀት ካልሆነ አይልም፤ የአገር ውስጡ የግብር ሕግ ግን የራሱ ጥያቄ አለው። መውጫው ሥራው ሳይጀመር በፋይናንስ መመሪያ ቅጽ ማጽደቅ ነው፦ የባለ እንስሳው ስምና ቀበሌ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የተጫነው ኩንታልና መንገዱ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ የቀበሌው ምስክርነት። ከክፍያ በኋላ ደረሰኝ ፍለጋ ሰቆጣ ገበያ የሚዞር ፋይናንስ ኃላፊ ግን ለሐሰተኛ ሰነድ በር ከፍቷል፤ በብዙ ድርጅት የሚሆነው ይህ ነው ቢባል ግነት አይሆንም። ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ተቆርጦ ከመጋዘን መዝገቡ ጋር ካልተመሳከረ ደግሞ በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር የተያዘው ሒሳብ ማማር ብቻውን ዋጋ የለውም።

የዘመን አቆጣጠሩም ሥራ ያበዛል። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የአሜሪካው መስከረም 21 ላይ። ድርጅቱ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዓመታዊ ሪፖርቱን ዓመቱ ባለቀ በሦስት ወር ውስጥ ያቀርባል፤ ለለጋሹ ደግሞ በሌላ ሩብ ዓመት፣ በሌላ ገንዘብ ሪፖርት ያደርጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ውል የነበረው ድርጅት በብር ሲታይ ትርፍ አገኘ፣ በብር የተዋዋለው ግን የገበያው ዋጋ ሲንር በጀቱ አነሰው። የምንዛሪ ልዩነትን ማን እንደሚሸከም በውሉ ማስገባት ከዚያ ወዲህ እንደ ቅንጦት አይታይም።

ደንቡ ሲጣስ የሚከፍለው ማን እንደሆነ በ2015 ዓ.ም. ታይቷል። ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ ከታለመለት ሰው ውጭ እየተወሰደ መሆኑን አግኝተው መጀመሪያ በትግራይ፣ በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ሥርጭቱ ዳግም የተጀመረው ከወራት በኋላ፣ የተጠቃሚ ምዝገባውና የመጋዘን ቁጥጥሩ ከተለወጠ በኋላ ነው። በዚያው ጊዜ ዋግ ኽምራ ድርቅ ገብቶባት ነበር። እህሉን ያዛወረው ማንም ይሁን ማን፣ ጦሙን ያደረው ሌላ ነው።

የሰሜኑ ጦርነትም የሰነድን ነገር አስተምሯል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሰቆጣ በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆይታለች፤ የመንግሥትም የድርጅትም ቢሮዎች ተዘርፈዋል። የአሜሪካው ደንብ ሰነድ ከመጨረሻው ሪፖርት በኋላ ሦስት ዓመት እንዲቀመጥ ያዛል። ቫውቸሩ በካቢኔት ውስጥ ብቻ የነበረ ድርጅት ይህን ማሟላት አይችልም፤ በየወሩ ስካን አድርጎ ቅጂውን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያስቀመጠ ግን ይችላል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ በእጅ የሚላክ የመረጃ ዲስክ ለሪፖርት ጊዜ ደርሷል።

በጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት፣ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም ታዘዘ፤ በመጋቢት ከፕሮግራሞቹ 83 በመቶው መሰረዛቸው ተገለጸ፤ ከሰኔ 24 ጀምሮ ዩኤስኤአይዲ የእርዳታ ሥራውን አቁሞ የቀረው ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተላለፈ። ይህ ዝግጅቱን ከንቱ አያደርገውም። የአውሮፓ ኅብረት የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድም ሆነ ብሪቲሽ ካውንስል ያስተዳደረው የሲቪል ማኅበረሰብ ድጋፍ ፕሮግራም የሚጠይቁት ቃለ ጉባኤ፣ የግዥ መመሪያና የኦዲት ሪፖርት ያው ነው። ይልቅስ የተለወጠው ስሌቱ ነው፤ ከገቢው አብዛኛውን ከአንድ መንግሥት የሚያገኝ ድርጅት ሠራተኛ ለማሰናበቻ የሚሆን መጠባበቂያ እንኳ ሳይኖረው ሊዘጋ ይችላል።

መጠባበቂያም ሆነ ጥሩ አካውንታንት በነጻ አይገኝም፤ የሚከፈለውም ቀጥተኛ ካልሆነ ወጪ ነው። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካው ደንብ የራሱ የተስማማበት መጠን ለሌለው ድርጅት ቀጥተኛ ላልሆነ ወጪ እስከ 15 በመቶ ይፈቅዳል፤ ቀድሞ 10 ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እስከ 7 በመቶ ይሰጣል። ዋናው ተዋዋይ ይህን ለንዑስ ተዋዋዩ እንዲያስተላልፍ የአሜሪካው ደንብ ግዴታ ጥሎበታል፤ በተግባር ግን ትልቁ ድርጅት የራሱን ይዞ ለትንሹ የመስክ ወጪ ብቻ ሲሰጥ ይታያል፣ ትንሹም ስለማያውቅ አይጠይቅም። በዞኑ ያለ የሰቆጣም ሆነ የአስከተማ ማኅበር ንዑስ ውል ሲቀርብለት ከበጀቱ ሠንጠረዥ ግርጌ ያለውን ይህን መስመር ፈልጎ ያንብብ፤ ከሌለ እንዲገባ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ እስኪገባም አይፈርም።