ጎማ ማስተንፈስ

ለከተማ ሰው የተነፈሰ ጎማ የችግር መጀመሪያ ነው። ጠዋት ከግቢው ሊወጣ ሲል አንዱ ጎማ መሬት ላይ ተኝቶ ካገኘው ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው፤ ክሪክ ፍለጋ፣ ስኮርታ ማውረድ፣ ጎሚስታ ቤት ወረፋ መጠበቅ ይከተላል። ስለዚህ ጎማ በደንብ መነፋት እንዳለበት ያለ አስተማሪ እናውቀዋለን። ወደ አሸዋ አገር የወረደ ሰው በመጀመሪያ የሚማረው ግን ይህንኑ እውቀቱን ለጊዜው መተው ነው። እዚያ ምንም ያልሆነውን ደህናውን ጎማ ሰው በገዛ እጁ ያስተነፍሰዋል።

ነገሩ አስማት የለበትም። ከነጭነቱ 3000 ኪሎ የሚመዝን ላንድክሩዘር በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በአማካይ 750 ኪሎ ያሳርፋል። የጎማው ግፊት ሾፌሮቻችን በሚያነቡት መለኪያ 36 ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 2 ኪሎ ተኩል ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት በግምት 300 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የአንድ ትልቅ መጽሔት ገጽ ግማሽ ቢሆን ነው። ግፊቱን ወደ 18 ብናወርደው ያው ክብደት ወደ 600 በሚጠጋ ስፋት ላይ ይከፋፈላል፤ ግማሹ ገጽ ሙሉ ገጽ ሆነ ማለት ነው። የጎማው የራሱ ጥንካሬ ጥቂቱን ክብደት ስለሚሸከም ሂሳቡ በትክክል እንዲህ ባይወጣም መንገዱ ይህ ነው። አሻራው የሚያድገው ደግሞ በአብዛኛው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ርዝመቱ ነው። ጎማው አሸዋውን እንደ አካፋ መቆፈሩን ይተውና በላዩ ላይ ይንጠፈጠፋል።

ይህን ብልሃት ግመል ከመኪና በፊት ታውቀዋለች። ከአሳሌ ጨው ጭና የምትወጣውን ግመል እግር ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ሰኮና ሳይሆን ለስላሳና ሰፊ መዳፍ መሆኑን፣ መሬት በረገጠ ቁጥርም ዘርጋ እንደሚል ያስተውላል። የመኪና ሰዎች ግን ዘግይተው ነው የደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ግብፅ ውስጥ ያገለግል የነበረው እንግሊዛዊው የጦር መሐንዲስ ራልፍ ባግኖልድ፣ በፎርድ መኪኖች ከዓባይ በስተምዕራብ ባለው በረሃ ከጓደኞቹ ጋር ሲንከራተት ንፋስ መቀነስንና ከተቀረቀረ ጎማ ሥር ብረት ማንጠፍን ሙያ አደረገው። በ1940 ያቋቋመው የበረሃ ቅኝት ጦር የሠራው በዚሁ ሙያ ነበር። በ1941 ደግሞ ነፋስ አሸዋን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ።

«ለአሸዋ የሚሆነው ምን ዓይነት ጎማ ነው?» ቢባል፣ ብዙ ሰው ጥርሱ ትልልቅ የሆነውን ያሳያል። ለጭቃ እውነት ነው። በአሸዋ ላይ ግን ያ አስፈሪ ጥርስ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ መቆፈር። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር መኪናይቱ የራሷን ጉድጓድ እየማሰች ትሰምጣለች። ለአሸዋ ጥርሱ ለዘብ ያለ፣ ትከሻው የተሳለ ያልሆነ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎኑ ከፍ ያለ ጎማ ይሻላል፤ ሊንጠፈጠፍ የሚችለው ጎን ያለው ነውና። ለከተማ ውበት ተብሎ የሚገጠመው ጎነ አጭር ጎማ ቢያስተነፍሱት ቸርኬው መሬት ለመንካት ይቸኩላል። የውስጥ ጎማ ያለው ደግሞ ሌላ ጠንቅ አለው፤ ንፋሱ ሲያንስ ጎማው በቸርኬው ላይ ሊንሸራተትና ቫልቩን ከሥሩ ሊቆርጠው ይችላል።

የአፋር ምድር ግን ይህን ምርጫ ያከብደዋል። ከአህመድ ኤላ ወደ ኤርታ አሌ የሚወስደው የቆየው መንገድ መሐሉ አሸዋ፣ መጨረሻው የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አሸዋው ልፍስፍስ ጎን ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ደግሞ ልፍስፍስ ጎን ሲያገኝ እንደ ምላጭ ይሸልተዋል። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጎማ የለም። ያለው ጥሩ ጎማና ንፋሱን ከመሬቱ ጋር የሚለዋውጥ ሰው ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ያወቅኩት በዚያው መንገድ ላይ ነው። በሦስት መኪና ነበርን። የእኛ ሾፌር ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ነበሩ። አሸዋው ሳይጀምር፣ ማንም ሳይቀረቀር ቆሙና በየጎማው ሥር ቁጢጥ እያሉ ቫልቩን በቀጭን ሚስማር ተጫኑት። በየመሐሉ መለኪያቸውን ይሰካሉ፤ 30፣ 24፣ 18። አራቱም 18 ሲሆኑ ተነሡ። ከዚያ በኋላ ጉዟችን ረጋ ያለ ነበር። ድንገት ፍሬን አይዙም፣ መሪ በኃይል አይጠመዝዙም፣ ሲቆሙም መኪናይቱ ራሷ እስክትዝል ጠብቀው ቁልቁል ባዘነበለ ቦታ ላይ ነው። ከተቀረቀርን ለመውጫ ያህል ወደ 12 ሊያወርዱት እንደሚችሉ፣ ከዚያ በታች ግን በአንድ መታጠፊያ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ እንደሚችል ነገሩኝ። አልተቀረቀርንም።

ቁም ነገሩ የመጣው አሸዋው ሲያልቅ ነው። ጋሼ ከድንጋዩ ዳር ቆሙና ከባትሪ ጋር የሚያያዘውን መንፊያ አወጡ። ትንሽ መንፊያ ስለሆነ ሥራው ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ሙቀቱ ግን አልበረደም። ከመሐላችን አንዱ «ጋሼ፣ እሳቱን ሳናይ ሊነጋ ነው እኮ» አላቸው።

«ልጄ፣ እሳቱ የትም አይሄድም፤ ጎማው ግን ከሄደ ሄደ» አሉት፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

28 ላይ አቆሙ። ለምን 36 እንዳላደረሱት ብጠይቃቸው፣ በጣም የጠነከረውም ድንጋይ ይበሳዋል አሉኝ። ሁለተኛው መኪና እሳቸውን አይቶ ነፋ። የሦስተኛው ተሳፋሪዎች ግን ሾፌራቸውን አጣደፉትና ቀድመውን አለፉ።

ስንደርስባቸው የመጀመሪያውን ጎማ ለውጠው ሁለተኛውን ቆመው ያዩ ነበር። የሁለቱም ጎን ተሸልቷል። በሚስማር የተበሳ ጎማ ይጠገናል፤ ጎኑ የተሸለተ ግን አይጠገንም። ስኮርታቸው አንድ ብቻ ነበር። የእኛ ደግሞ ለእነሱ ቸርኬ አይገጥምም። መኪናይቱ እዚያው ቀረች፤ ሰዎቹ በሁለቱ መኪኖች ላይ ተጨናንቀው ተጫኑ። ለሦስት መኪና የታሰበው ጉዞ በሁለት ሆነ። ውኃው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በኩባያ እየተለካ ታደለ። ማንም አልሞተም፤ ነገር ግን ሁላችንም በልባችን ጀሪካን ስንቆጥር አደርን። አንድ መኪና ብቻ ይዘው መጥተው ቢሆን ኖሮ ምን ይውጣቸው ነበር?

ከዚያ ወዲህ ስለ አሸዋ መንዳት የሚያወሩ ሰዎችን ሳዳምጥ የማስተውለው ነገር አለ። ሁሉም ማስተንፈሱን ያውቃሉ። ማስተንፈስ ደስ ይላል፤ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። መልሶ መንፋት ግን ጊዜ ይበላል፣ ላብ ያስወጣል፣ ውጤቱም ያልደረሰ አደጋ ስለሆነ ማንም አያመሰግነውም። ድንጋዩ ቢያልፍ እንኳ አስፋልቱ ይጠብቃል። በ18 ንፋስ አስፋልት ላይ በፍጥነት የሚሮጥ ጎማ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል፤ ሲግልም ይፈነዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ስለዚህ ወደዚያ አገር ለመውረድ መኪና የምትከራዩ ወዳጆቼ፣ ሾፌሩን ስለ ሞተሩ ጉልበት አትጠይቁት። ሞተሩ ኃይለኛ ከሆነ ጉድጓዱን ቶሎ ይቆፍረዋል እንጂ አያወጣችሁም። መለኪያ ይዞ እንደሆነ፣ ከእርሱም ይበልጥ መንፊያ ይዞ እንደሆነ ጠይቁት። ስኮርታውን ቁጠሩ። መኪኖቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ቸርኬያቸው አንድ ዓይነት ይሁን። ሾፌራችሁ ከአሸዋው ማዶ ቆሞ መንፋት ሲጀምር ደግሞ፣ ሰዓታችሁን አትዩበት።