ከቃሉ በስተጀርባ ያለው ካርድ
የካርድ ቁጥሩ የጠፋበት በሽተኛ ታሪኩም አብሮ ይጠፋበታል፤ በነርስነት ዘመኔ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ዛሬ አሰላ በጡረታ ላይ ሆኜ የቤተሰባችንን የጤና ማህደር በኮምፒውተር እይዛለሁ። ልጄ የጫነልኝ ፕሮግራም ኢማክስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረ፣ ተጠቃሚው እንደሚመቸው የሚያበጀው የጽሑፍ ማዘጋጃ ነው። አማርኛም ይጽፋል።

በውስጡ ኦርግ ሞድ በተባለው ክፍል ሊንክ የምሠራው እንዲህ ነው፦ [[የፋይሉ አድራሻ][የክትባት ካርድ]]። የመጨረሻው ቅንፍ ሲዘጋ አድራሻው ይሸሸግና «የክትባት ካርድ» የሚለው ብቻ ተሰምሮበት ይታያል። ጠቋሚውን እዚያ አድርጌ ኮንትሮል ሲ፣ ቀጥሎ ኮንትሮል ኦ ስጫን ፎቶ ያነሳሁት ካርድ ይከፈታል።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፋይሉ ቦታ ቢቀይር ቃሉ እንደተሰመረበት ይቀራል፤ ካርዱ ግን አይገኝም። በወረቀት ከታተመም ሊንኩ አይከፈትም። ስለዚህ በቆጂ ላለችው የልጅ ልጄ የክትባት ካርዷን በሊንክ አያይዣለሁ፤ «ለፔኒሲሊን አለርጂ አለባት» የሚለውን ግን ከስሟ ጎን በግልጽ ጽፌዋለሁ። በሌሊት ልጅ ታቅፎ ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ወላጅ ሊንክ የሚከፍትበት ጊዜ የለውም።