ሦስት መስመር ያላት ሳጥን

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማታ የቤታችንን የዋይፋይ ፓስወርድ ቀየርኩት። ለማንም አልተናገርኩም። የጠረጠርኩት ሰርቪስ ቤት የተከራየውን ተማሪ ነበር። ኢንተርኔቱ በተቋረጠ ቁጥር «ይሄ ልጅ ፊልም እያወረደ ነው» እላለሁ። ውጭ አገር ያለችው ልጃችን ስትደውል ምስሏ ቀጥ ይላል፤ ባለቤቴ «ሃሎ? ሃሎ?» እያለች ትቀራለች። በቃ፣ ጥፋተኛ ያስፈልገኝ ነበር።

ልጁ «ፓስወርዱ ምን ሆነ?» ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። መቋረጡ ግን ቀጠለ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ «ሳትለኩ አትናገሩ» እያልኩ እንዳሰለቸኋችሁ ታስታውሳላችሁ። እኔ ራሴ ሳልለካ ነው የፈረድኩት። ከመሳቢያ አንዲት ኢኤስፒ 32 አወጣሁ፤ ዋይፋይ ያላት ጣት የምታህል ሰርኪዩት ናት። ትንሽ ስክሪን በየድኩላት፣ ከፓወር ባንክ ጋር በላስቲክ አሰርኳት። ሦስት መስመር ብቻ ታሳያለች። አንደኛው የዋይፋዩን ጉልበት ነው። ሁለተኛው በየአምስት ሰከንዱ ራውተሩን «አለህ?» ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ውጭ ያለ ሰርቨርን ይጠይቃል። ፒንግ የምንለው ይሄው ነው። ሰው ፊልም አውርዶ መስመሩን ቢያጨናንቀው መልሱ ይዘገያል፣ አንዳንዱም ይጠፋል። የኛ ግን ራውተሩ እየመለሰ ውጭው ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። (ሞደሙ ላይ ያለችው የዲኤስኤል መብራት ስትጠፋ ይህንኑ ስትነግረኝ ኖራለች ለካ፤ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ስለሆነች አላየኋትም።)

ሳጥኗ የተቋረጠበትን ሰዓት ትመዘግባለች። በአራተኛው ቀን መዝገቡን ሳየው ሁሉም ዝናብ የጣለበት ሰዓት ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የኖረ ያውቃል፣ ከእንጦጦ የሚወርድ ዝናብ ነፋሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። የስልክ ሽቦው በባሕር ዛፉ መሃል ያልፋል፤ ቅርንጫፉ ሲወዛወዝ መጋጠሚያውን ይፈትገዋል፤ ፕላስተሩ ተልጦ ውሃ ያንጠባጥባል።

ያን መጋጠሚያ የሠራሁት እኔ ነኝ። አጥሩን ስናድስ ሽቦው አጥሮኝ «ለጊዜው» ብዬ ቀጥዬው ነበር። ስድስት ዓመት ሆነው።

መጋጠሚያ የሌለው አዲስ ሽቦ ከዘረጋሁ በኋላ ፓስወርዱን በወረቀት ጽፌ፣ ሳጥኗንም ይዤ ሰርቪስ ቤት አንኳኳሁ። ሁሉንም ነገርኩት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ድሮም እኮ እዚህ አይዝም። በስልኬ ዳታ ነው የምጠቀመው።»

ስክሪኗን አየሁ። ሳሎን ውስጥ ከዜሮ በታች 50 የነበረው እዚህ ከዜሮ በታች 86 ሆኗል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በራቀ ቁጥር ሲግናሉ ይደክማል። ሁለት የብሎኬት ግድግዳ በመሃላችን አለ። ፊልም ቀርቶ ፎቶ አይከፍትም።

አሁን ሳጥኗ እሱ ጋ ናት። ራውተሩን የት ብናዞረው እሱም ጋ እንደሚደርስ እየዞረ ሲለካባት ሰነበተ። ኮሪደሩ መስኮት ላይ ይሁን ብሏል፤ ቅዳሜ እናዞረዋለን።