መንጋና ቀፎ

መጥምቁ ዮሐንስ በምድረ በዳ አንበጣና የበረሃ ማር ይመገብ እንደነበር ታውቃላችሁ። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየኋቸው ወሎ፣ አያቴ ቤት ነው። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ማሽላው ሊታጨድ ሲል የአንበጣ መንጋ ወረደበት። ቆርቆሮ ደበደብን፣ ጅራፍ አጮኽን፤ ሲመሽ የተረፈው አገዳው ነበር። ከቤቱ ጀርባ ባሉት ቀፎዎች ግን ንቦቹ እንደ ወትሮው ይገቡና ይወጡ ነበር።

ሁለቱም ክንፍ አላቸው፤ ሁለቱም በብዛት ይሰበሰባሉ። ታዲያ የአንዱ መሰብሰብ ረሃብ፣ የሌላው ማር የሚሆነው ለምንድን ነው?

የበረሃ አንበጣ ለብቻው ሲኖር ዓይን አፋር ነው፤ ከብጤዎቹ ይሸሻል። ዝናብ ካበዛው በኋላ ልምላሜው ሲደርቅ ግን በቀረችው ቅጠል ላይ ይጨናነቃል። የኋላ እግሩ ከሌሎች ጋር ደጋግሞ ሲነካካ በሰዓታት ውስጥ ጠባዩ ይለወጣል፤ ሲሸሻቸው የነበሩትን መከተል ይጀምራል። ክብደቱ 2 ግራም ያህል ነው፤ በቀን ያንኑ ያህል ይበላል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ 40 ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ክንፍ ያላወጡት ኩብኩባዎች ወደ ፊት የሚገሰግሱት ደግሞ ከኋላ ያለው እንዳይነክሳቸው ጭምር ነው።

ንብስ? ሠራተኛዋ ንብ በሥራ ወቅት የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ነው። በዕድሜዋ ሙሉ የምታዘጋጀው ማር የሻይ ማንኪያ አንድ አሥራ ሁለተኛ ቢሆን ነው። ጥሩ አበባ ስታገኝ አትደብቅም፤ ቀፎ ገብታ በጭፈራዋ አቅጣጫውንና ርቀቱን ለእህቶቿ ታሳያለች። ከማሩ ብዙውን የሚበሉት ከእሷ በኋላ የሚፈለፈሉት ናቸው።

ይህን ሳነብ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ዳቦውን የሚያካፍለኝ ዝምተኛ የዶርም ጓደኛዬ ነበር። በአንድ የግርግር ሌሊት ከብዙዎች ጋር ሆኖ የሌሎችን ተማሪዎች በር ሲሰብር አየሁት። ክፉ ልጅ አልነበረም። ከፊት የሚሮጡ፣ ከኋላ የሚገፉ ነበሩ።

ወዳጆቼ፣ ብቻችሁን ኑሩ አልላችሁም፤ ንብም ብቻዋን አትኖርም። ደግሞም ከመንጋው የተለየ አንበጣ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል፤ ለሰውም የመመለሻ መንገዱ አልተዘጋም። ግን ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትወጡ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምትሄዱት ከኋላ የሚነክሳችሁን ፈርታችሁ ነው? ወይስ ያገኛችሁትን መልካም ነገር ለሌላው ልታሳዩ?