ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባልን?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን ሳንማር ጠምጥመን ተገኘን። ይህን ጽሑፍ ግለ ሂስ ነው ብትሉን አንከፋም። ነገሩ እንዲህ ነው።

በዚህ ዓመት ኅዳር ወር ለማስተማር ልምምድ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ከሚገኙት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ተመድበን ነበር። አራት ነን። አንዳችን ሲያስተምር ሦስታችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን እንመዘግባለን። የዕለቱ ትምህርት ስለ ወንዞች ነበር። ደወሉ ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ የኛ ሰፈር ወንዝ መጨረሻው የት ነው? ባሕር ይገባል?» ስትል ጠየቀች።

የሚያስተምረው ጓደኛችን ወደኛ ተመለከተ። እኛም ሦስታችን እንደ ተማከረ ሰው ራሳችንን ነቀነቅን። «አዎን፣ ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል» አለ። ልጆቹም በደብተራቸው ጻፉት።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ ነገሩ ይከነክነን ጀመር። የትኛው ባሕር? በየት በኩል አልፎ? ለመሆኑ ከመካከላችን ወንዙን ከታክሲ መስኮት በቀር ያየው ማን ነው? ማንም! ስለዚህ ቅዳሜ በእግር ሄደን እንድናየው ተስማማን።

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቆሎ በኪሳችን፣ ውኃና አንድ አሮጌ አትላስ በቦርሳችን ይዘን ከጎፋ ተነሣን። የምንረግጠውን መሬት ስም እንኳ ሳናስተውለው ኖረናል። ነፋስ ስልክ ማለት ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፈው መልእክት ሲሆን፣ ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። ሽቦ የሌለው ስልክ ዛሬ በየኪሳችን አለ፤ ግራሩን ግን ፈልገን ነው ያየነው።

በመካኒሳ በኩል ወደ ትንሹ አቃቂ ወረድን። ከአስፋልቱ ጥቂት ዝቅ ሲሉ ሌላ አገር ነው! ጎመንና ቆስጣ፣ ሰላጣና ቀይ ሥር በመደብ በመደብ ተሰልፈው፣ ጤዛው ገና አልረገፈም። ሽታው ግን ሌላ ነው። ውኃው ጠቁሮ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ፌስታልና አሮጌ ጫማ ተሸክሞ ይወርዳል። ከተማችን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰበ የሚያቃጥለው በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ በማሰብ ነው። በቀሩት ቀኖች ግን ወንዙን እንደ ቆሻሻ መጣያ እንቆጥረዋለን።

አንድ ሽማግሌ ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘናቸው።

«እንደምን አደሩ አባባ? በርቱ!»

«እግዜር ይመስገን ልጆቼ። ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

«ወንዙ የት እንደሚገባ ልናይ ነው።»

ሳቁና መኮትኮቻቸውን ተደገፉ። «እናንተ የት እንደሚገባ ትጠይቃላችሁ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ከወዴት ምን ይዞ እንደሚመጣ ነው። ድሮ ጎንበስ ብለን የምንጠጣው ነበር። አሁን አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ጥቁር ሆኖ ይመጣል። ምን ላድርግ? ሌላ ውኃ የለኝም» አሉን። መልስ አልነበረንም። ቆሏችንን አካፍለናቸው ተሰናበትን።

ከዚያ ወንዙን ትተን በጀሞ በኩል አቀበቱን ወጣን። ኮንዶሚኒየሙ አለቀና የባሕር ዛፍ ጥላ ተቀበለን፤ ከዚያም የታጨደ ማሳ። አንዳችን ተረከዙ ተላጠ፣ አንዳችን «ኧረ እንመለስ» ቢልም ሰሚ አላገኘም። ምን አለፋችሁ፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ከፍታው ከ2,800 ሜትር በላይ ከሆነው ፉሪ ላይ ደረስን።

እንዴ! አዲስ አበባ ይህች ናት? በስተሰሜን እንጦጦ፣ በስተሰሜን ምዕራብ ከ3,300 ሜትር በላይ የሆነው ወጨጫ፣ በስተምሥራቅ የረር፣ በስተደቡብ ደግሞ አናቱ ላይ ሐይቅና ገዳም ያለበት ዝቋላ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ፉሪን ጨምሮ ወጨጫም የረርም ዝቋላም በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበሩ ናቸው። ነፋሱ ላባችንን ሲያደርቀው የሳምንቱ ድካም አብሮ ሄደ።

አትላሳችንን ዘርግተን ወንዙን በጣት ተከተልነው። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። ከዚያ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላሉ። አዋሽ በቆቃና በመተሐራ አልፎ፣ ስኳርና ጥጥ እያጠጣ አፋር ምድር ይወርዳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ግን ጂቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር አይደርስም! ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1926 ዓ.ም. በአፋር በረሃ አዋሽን እስከዚሁ መጨረሻው ድረስ ተከትሎታል። ከእግራችን በታች ካለው የፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሣው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ባሕር ይደርሳል፤ ወንዛችን ግን አይደርስም።

«ይህንንማ ቤት ተቀምጣችሁ ካርታ ብታዩ ታገኙት የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። የሽማግሌውን ጥያቄ ግን ካርታው ላይ አናገኘውም ነበር።

ሰኞ ሌላ ጭንቅ መጣ። ገምጋሚያችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ስሕተታችንን ካነሣን ነጥብ ይቀነሳል፤ ዝም ካልን ማንም አያውቅም። ሠላሳ ስምንት ልጆች ግን በደብተራቸው ጽፈውታል። ጓደኛችን ጠመኔውን ይዞ ትንሽ ቆመና፣ «ልጆች፣ ሐሙስ ዕለት የነገርኳችሁ ስሕተት ነው። ሰርዙት» አለ። የወንዙን መንገድ በሰሌዳው ላይ ሣለ፤ ውኃው አቤ ሐይቅ ሲደርስ ፀሐይ እንደምታተነው፣ ጨዉ ግን እዚያው እንደሚቀር አስረዳ።

ያቺው ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጨዉ እዚያ ከቀረ እኛ የምንጥለው ቆሻሻስ የት ይቀራል?»

በዚህ ጊዜ ማናችንም ራሳችንን አልነቀነቅንም። «አጣርተን እንነግርሻለን» አልናት። ገምጋሚው ለዝግጅት ጉድለት ነጥብ ቀንሰዋል፤ ተገቢ ነው። እኛም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ አባ ሳሙኤል ለመሄድ ተነጋግረናል።

ውድ የተቋማችን ዕጩ መምህራን! ቅዳሜና እሑድን በአልጋ ላይ አታሳልፉት። ረዥም መንገድ የማይችል ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ቅርቡ ነው። ፉሪ የሚወጣ ደግሞ በጠዋት ይነሣ፣ ውኃ ይያዝ፣ ብቻውን አይሂድ፣ የገበሬ ማሳ አይርገጥ፣ ሳይመሽ ይውረድ። ከእኛ ጋር አባ ሳሙኤል መሄድ የምትፈልጉ ስማችሁን ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ በእርሳስ ጻፉ። ቸር እንሰንብት።