በስምንት ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት፦ የጄኔቫ ቅኝት

ቅኝቱን ከሐይቁ ዳር እንጀምር። በጄኔቫ ሐይቅ ቀኝ ዳርቻ፣ ከሞን ብላን ድልድይ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ሲኬድ ፓሌ ዊልሰን የሚባለው 225 ክፍሎች ያሉት ሕንጻ ይገኛል። መጀመሪያ የተሠራው ለሆቴል ነበር። ከ1920 እስከ 1936 የመንግሥታቱ ማኅበር ዋና ጽሕፈት ቤት ሆኖ ቆየ፤ በኋላ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ቢሮ ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኢትዮጵያ በመስከረም 1923 የማኅበሩ አባል ስትሆን ደብዳቤው የሚገባውና የሚወጣው በዚህ በር ነበር።

የማኅበሩ ሠራተኞች ከየአገሩ የመጡት ልጆቻቸውን ይዘው ነው። የጄኔቫ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በፈረንሳይኛ ያስተምራሉ። የአባቱ ሥራ ሲያልቅ ወደ ለንደን ወይም ወደ ኒው ዮርክ የሚመለስ ልጅ እዚያ የሚጠብቀው ሌላ ቋንቋና ሌላ ፈተና ነው። ችግሩን አንሥተው ከተነጋገሩት መካከል ሁለቱ በዚሁ ማኅበር የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በማስታወቂያ ክፍል ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው አርተር ስዊትዘር ሲሆን ሌላው የጤና ክፍሉ ኃላፊ ፖላንዳዊው ሐኪም ሉድቪክ ራይችማን ነው። ከዓለም ሥራ ድርጅት የመጡ ወላጆችም አብረዋቸው ነበሩ። ወላጆቹ ገንዘብና ጉጉት ነበራቸው፤ የማስተማር ሙያው ግን በከተማው መምህራን እጅ ነበር።

ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ስንወጣ ሻምፔል እንደርሳለን። ዛሬ ሰፈሩ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንጻዎች የበዙበት ነው፤ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮም ከመሬት በታች የተሠራ የባቡር ጣቢያ አለው። በ1924 እዚህ የአዶልፍ ፌሪየር የእንጨት ቤትና አትክልት ቦታ ነበር። ፌሪየር በጄኔቫው የዣን ዣክ ሩሶ ተቋም የሚሠራ የትምህርት ሊቅ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ጆሮው ስለማይሰማ የዘወትር አስተማሪነቱን ትቶ በመጻፍና ሌሎችን በመምከር ይሠራ ነበር። ለማኅበሩ ሠራተኞች ልጆች የታሰበው ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት በመስከረም ወር በዚህ ቤት ሲከፈት ተማሪዎቹ 8 ነበሩ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፖል ሜይሆፈር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1926፣ ጃዋሃርላል ኔህሩ ሕመምተኛ ባለቤቱን ለማሳከም ጄኔቫ ሲመጣ ልጁን ኢንዲራን ያስገባት እዚህ ትምህርት ቤት ነው። ስምንት ልጅ ቤት ውስጥ ይማራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ግን ሰፊ ግቢ የግድ ሆነ።

ከሻምፔል ወደ ምሥራቅ ዞር ስንል ሩት ደ ሼን የሚባለውን ጎዳና እናገኛለን። በጎዳናው ላይ የሚሄደው 12 ቁጥር ትራም በ1862 በፈረስ እየተጎተተ የጀመረ መስመር ሲሆን በአውሮፓ እስከ ዛሬ ከሚሠሩት የትራም መስመሮች ሁሉ አንጋፋው ነው። የአዋቂ ቲኬት ሦስት ፍራንክ ገደማ ነው። የካንቶኑ (የጄኔቫ ክልል) ነዋሪ ለሆነ ከ25 ዓመት በታች ተማሪ ከጥር 2025 ጀምሮ በነጻ ሆኗል፤ ስለዚህ በመስመሩ ላይ ያለ የከተማው ተማሪ ለመጓጓዣ አይከፍልም። የትምህርት ቤት ክፍያው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እንመለስበታለን።

በጎዳናው 62 ቁጥር ላይ ላ ግራንድ ቧሲየር የሚባለው ግቢ አለ። ትምህርት ቤቱ በ1929 ተዛውሮ ከመጣ ወዲህ ከዚህ አልተነቃነቀም። ቀድሞ ከከተማ ዳር የነበረ ርስት ነው፤ ከተማው አድጎ ዙሪያውን ስለያዘው ዛሬ በመኖሪያ ሰፈር መካከል የቀረ አረንጓዴ ቦታ ሆኗል። የድሮዎቹና የአዲሶቹ ሕንጻዎች አንድ ላይ ናቸው። የግሪክ ቴአትር የሚሉት ደረጃ የተሠራለት የውጪ መድረክ አለ፤ የኪነ ጥበባት ማዕከሉ ደግሞ በ2014 የተከፈተ ነው።

በዚህ ግቢ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱን ከ1929 እስከ 1949 የመራችው ማሪ ቴሬዝ ሞሬት ናት፤ ባሏ በዓለም ሥራ ድርጅት ከፍተኛ ሹም ነበር። ያሠራችው የጂኦግራፊ ትምህርት ዛሬም የሚያስቀና ነው። ልጆቹ ዓለምን የሚያዩት አውሮፓን መካከል ባደረገ ካርታ ብቻ አልነበረም። አንድ ጊዜ ከሰሜን ዋልታ በላይ ሆነው፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን አህጉር ማዕከል አድርገው ይመለከቱታል። ታሪክም ከየአገሩ ጦርነት አይጀምርም ነበር፤ የዓለም ታሪክ ተብሎ ሲሰጥ ልጁ ወደ 12 ዓመት ደርሷል። እያንዳንዱ ተማሪ በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም እንዲሠራ ይጠበቅበታል። ይህን ልምዷን በ1948 በዩኔስኮ በኩል ባሳተመችው አነስተኛ መጽሐፍ አስፍራዋለች። መጽሐፉን ለሰላም ማስተማሪያ ዘዴ አለ ወይ በሚል ጥያቄ ነው የሰየመችው።

በሞሬት ጊዜ አንድ ላይ የነበረው ክፍል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈተና ምክንያት መከፋፈል ጀመረ። የፈረንሳይኛውና የእንግሊዝኛው ክፍል ለየብቻ ሄዱ። ከፍ ባሉት ክፍሎች አብረው የሚውሉ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያስፈልጋቸው ወረቀት አራት ዓይነት ነበር፦ የስዊዘርላንዱ ማቱሪቴ፣ የፈረንሳዩ ባካሎሬያ፣ የእንግሊዙ ጂሲኢ፣ የአሜሪካው ኮሌጅ ቦርድ። አንድ መምህር አንድን የታሪክ ዘመን ለአራት ቡድን በአራት መልክ ማዘጋጀት ግድ ሆነበት። አንድ ላይ ለማስተማር የተቋቋመ ቤት ልጆቹን በመጨረሻው ዓመት በየፓስፖርታቸው ሲለይ ማየት ያሳዝናል፤ መምህራኑም ዝም ብለው አላዩትም።

የታሪክ ክፍል ኃላፊው ሮበርት ሊች በ1962 የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የማኅበራዊ ጥናት መምህራንን እዚህ ጄኔቫ ሰበሰበ፤ የጋራ ፈተና ሐሳብም ከዚያ ወጣ። የእንግሊዝኛው ክፍል ኃላፊ ዴዝሞንድ ኮል ቤከር ሥራውን ገፋበት። የጋራ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢንተርናሽናል ባካሎሬያ ጽሕፈት ቤት በ1968 በጄኔቫ በሕግ ተመዘገበ፤ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ብሪታንያዊው አሌክ ፒተርሰን ነው። መደበኛው ፈተና በ1970 ተጀመረ። ተማሪው 6 ትምህርት ይወስዳል፤ ከፍተኛው ነጥብ 45 ነው። ዛሬ የድርጅቱ ፕሮግራሞች ከ5,000 በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ይሰጣሉ፤ በአዲስ አበባ ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩልና ሳንፎርድ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ቀጣዩ ግቢ ከከተማው ውጪ ነው። ከኮርናቫን ጣቢያ በሐይቁ ዳር በሚሄደው ባቡር ኮፔ ወርደን ሽቅብ ስንወጣ ፉኔ መንደር እንደርሳለን። ከጄኔቫ መሐል 15 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ካንቶኑ ቮ ነው፤ ስለዚህ የሚገዛውም የሌላ ካንቶን የትምህርት ሕግ ነው። ላ ሻቴኘሬ የሚባለው ይህ ትምህርት ቤት በ1908 የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን ከጄኔቫው ጋር የተቀላቀለው በ1974 ነው። በዕድሜ ከእናቱ ይበልጣል ማለት ነው። ላ ግራንድ ቧሲየር በትራምና በሕንጻ የተከበበ ሲሆን እዚህ ዙሪያው እርሻና ወይን ነው፤ ፊት ለፊት ሐይቁና የአልፕስ ተራሮች ይታያሉ።

ወደ ጄኔቫ ተመልሰን ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ወደ ተሰበሰቡበት ሰፈር እንግባ። አቬኑ ደ ላ ፔ ላይ፣ ከተባበሩት መንግሥታት ሕንጻ ከፓሌ ደ ናሲዮን አቅራቢያ፣ ፕሬኚ ሪጎ በሚባለው የትምህርት ቤቱ ቦታ ትናንሽ ልጆች ይማራሉ። በፓሌው ትልቅ አዳራሽ፣ 2,000 ገደማ ሰው በሚይዘው፣ ተማሪዎች እንደ አገር ወኪል እየተቀመጡ የሚከራከሩበት የተማሪዎች የተባበሩት መንግሥታት ከ1953 ጀምሮ ይካሄዳል። ይህንንም ያስጀመረው ሊች ነው።

ከዚያ ሽቅብ ሲወጣ ሩት ደ ሞሪዮን የሚባል አጭር መንገድ አለ። ቁጥሮቹን በተራ እንያቸው። 4 ቁጥር የዓለም ሥራ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። 11 ቁጥር በ2005 የተከፈተው የትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ግቢ፣ የናሲዮን ካምፓስ ነው። 15 ቁጥር ለብዙ ዓመታት የኢንተርናሽናል ባካሎሬያ ድርጅት አድራሻ ነበር። ወላጆቹ፣ ትምህርት ቤቱና ፈተናው በአንድ መንገድ ላይ ተሰልፈዋል። ራይችማን ይመራው የነበረውን ሥራ የወረሰው የዓለም ጤና ድርጅትም እዚሁ አቅራቢያ ነው፤ ከ2017 ጀምሮ የሚመሩት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ናቸው።

ሦስቱ ግቢዎች ተደምረው ከ4,000 በላይ ተማሪ ያስተምራሉ። ክፍያው ከፍ ባሉት ክፍሎች በዓመት ከ30,000 የስዊዝ ፍራንክ በላይ ነው። ከአገሩ ውጪ ለሚሠራ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያ መሥሪያ ቤቱ አብዛኛውን የትምህርት ወጪ ይሸፍንለታል። በዚያው መሥሪያ ቤት ለሚያጸዳ ስደተኛ እንዲህ ያለ ድጎማ የለም፤ ልጁ የሚማረው በነጻው የከተማ ትምህርት ቤት ነው። ቀድሞ የተነሣው ችግር፣ የተመላላሽ ልጅ ችግር፣ ለአንደኛው ተፈትቶ ለሌላው እንዳለ መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በቋንቋ በኩል ሁለቱ ቀደምት ግቢዎች ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ይዘዋል፤ በናሲዮን ካምፓስ እንግሊዝኛው ያመዝናል። ከሁለቱ ውጪ ሌላ ቋንቋ በቤቱ የሚናገር ልጅ ግን በኢንተርናሽናል ባካሎሬያው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሥነ ጽሑፍ መማር ይችላል። ለቋንቋው መምህር ባይኖርም ትምህርት ቤቱ እየተከታተለው 9 ሥራዎችን መርጦ ያነባል፣ በቃልና በጽሑፍም ይፈተናል። አማርኛ በዚህ መንገድ ከተፈተነባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጁ ይህን ከፈለገ ወላጅ ጥያቄውን ለትምህርት ቤቱ የሚያቀርበው የሁለት ዓመቱ ፕሮግራም ሳይጀመር ነው።