ሰማያዊዋ ጭረት

በዚህ እትም ስለ ፈተናም ስለ ውጤትም አልጽፍም። በገዛ እጄ ስላበላሸሁት አንድ የኔቡላ ምስል ላጫውታችሁ ነው።

የምኖረው ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ከሰፈራችን በላይ እንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። እኔ ግን ያለኝ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ደግነቱ የሀብል ቴሌስኮፕ ጥሬ ምስሎች ለማንም ክፍት ናቸው። ለሴሚስተር ፕሮጀክቴ በ1995 እ.ኤ.አ. የተነሱትን የንስር ኔቡላ ምስሎች አወረድኩ፤ እነዚያ «የፍጥረት ዓምዶች» የሚባሉትን ማለቴ ነው።

ጥሬውን ምስል ስከፍተው ጥቁር ሆኖብኝ ደነገጥኩ። ለካስ የጋዙ ብርሃን ደካማ ስለሆነ ከጨለማው ጫፍ ላይ ተጨናንቆ ነው የተቀመጠው፤ ያንን ክፍል መለጠጥ ያስፈልጋል። ስለጥጠው ዓምዶቹ ብቅ አሉ፣ ግን ግራጫ ናቸው። ምስሎቹ የተነሱት ጠባብ የብርሃን ክልል ብቻ በሚያሳልፉ ሦስት ፊልተሮች ነው፦ የሰልፈር (673 ናኖሜትር)፣ የሃይድሮጅን (656) እና የኦክስጅን (502 ገደማ)። የሰልፈሩም የሃይድሮጅኑም ብርሃን ለዓይን ቀይ ነው፤ እንዳለ ቢተው ሁለቱን መለየት አይቻልም። ስለዚህ እንደ ሞገዳቸው ርዝመት ተራ ይዘው ሰልፈር ቀይ፣ ሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ ኦክስጅን ሰማያዊ ይሰጣቸዋል። ሃይድሮጅኑ ስለሚያይል መጀመሪያ ሁሉም ነገር ጎመን መሰለብኝ! ሌሎቹን የበለጠ ለጥጬ አመጣጠንኩት።

አባቴ ሸማኔ ናቸው። ከሥራቸው ተነስተው ስክሪኑን አዩና «ሰማዩ ውስጥ እንዲህ ነው ቀለሙ?» አሉኝ።

«አይ አባዬ፣ ቀለሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ውሸት ነዋ!»

መልስ አልነበረኝም። ይባስ ብሎ እውነተኛው ውሸት ገና አልመጣም ነበር።

በእያንዳንዱ ፊልተር ከአንድ በላይ ፎቶ ተነስቷል። ምክንያቱም ኮስሚክ ሬይ የሚባሉት ፈጣን ቅንጣቶች የካሜራውን ሴንሰር ሲመቱት ነጭ ነጥብና ጭረት ይተዋሉ። ሁለት ፎቶዎች ሲነጻጸሩ በአንዱ ብቻ ያለው ይወገዳል። እኔ ግን የኦክስጅኑን አንዱን ፎቶ እንዳወረድኩ መብራት ሄደ፤ ጊዜ ስላጠረኝ በዚያው በአንዱ ቀጠልኩ። ነጥቦቹን በእጄ እያጠፋሁ ሳለ ከአንደኛው ዓምድ ጫፍ አጠገብ ቀጭን ሰማያዊ ጭረት አየሁ። አዳዲስ ኮከቦች የጋዝ ፍንጣቂ እንደሚተፉ አንብቤ ስለነበር «አገኘሁት!» አልኩ። አላጠፋኋትም። እንዲያውም ፍንጣቂ እንድትመስል ጫፏን በብሩሽ አለሳለስኳት፤ ሪፖርቴ ላይም ጻፍኳት።

ክፍል ውስጥ ሳቀርብ ተጨበጨበልኝ። መምህራችን ግን ዝም ብለው ቆዩና «ሁለተኛው ፎቶ ላይ አለች?» ብለው ጠየቁኝ። ላቤ መጣ። አለማየቴን ተናገርኩ። ስለ ብሩሹ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ማታ ሁለተኛውን ፎቶ አወረድኩ። ጭረቷ የለችም። ሰማያዊ ብቻ የሆነችውም ለዚሁ ነበር፤ ያረፈችው የኦክስጅኑ ፎቶ ላይ ብቻ ነዋ። ሲያጨበጭቡልኝ የነበሩት ጓደኞቼ ትዝ አሉኝና እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግስቱ መምህሩ ቢሮ ሄጄ ብሩሹንም ጨምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምስሉን እንደገና ሠራሁ፤ ማርክም ተቀነሰብኝ።

ይህንኑ ለአባቴ ስነግራቸው መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። «እኔም የጥለቱን ቀለም እመርጣለሁ» አሉ። «ቀይ ይሁን ቢሉኝ ቀይ፣ አረንጓዴ ቢሉኝ አረንጓዴ። ግን ክሩ አለ። ክር ሳይገባበት በቀለም አትሞ ‹የተሸመነ ነው› ብሎ የሚሸጥ አለ፤ እሱ ነው ሌባ።»

ያን ቀን ያጣሁትን መልስ እሳቸው ሰጡኝ። አሁን ከምስሌ ሥር የትኛው ጋዝ በየትኛው ቀለም እንደተወከለ እጽፋለሁ፤ ስንት ፎቶ እንደተጠቀምኩም እጨምራለሁ። አዲሱ ምስል ያለ ጭረቷ ትንሽ ጭር ብሏል። ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ግን እሱ ነው።

ቸር ይግጠመን።